«ትለምደዋለህ» አትበሉን!



ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ምግብ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ የማወራው ስለ አንጀትና ስለ ሰገራ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ተፈቅዷል። ስቆ ሲጨርስ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ይሄ ነገር ነገ በእናቱ፣ በወንድሙ፣ ወይም በራሱ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ምነው ጠፉ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ጠፍቻለሁ። የጎረቤት ለቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ሳልቀመጥ ከደጅ የተመለስኩበት ቀን አለ። የገዛ ተማሪዬ ሠርጓን ጠርታኝ ቀርቻለሁ። «ሰውዬው ኮራ» ያለ እንዳለም ሰምቻለሁ። አልኮራሁም። ሆዴ ላይ የሰገራ ከረጢት አለ፤ ያ ከረጢት ደግሞ ያፈስ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ዛሬ የምናገረው ደግሞ ተናድጄ ነው።

ምን አናደደህ አትሉኝም? በቅርቡ ለክትትል ሆስፒታል ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከአባቱ ጋር ተቀምጧል። ከገጠር ነው የመጡት። አባትየው ጋቢያቸውን አውልቀው የልጁን ወገብ ጠቅልለውበታል። ሽታው ነገረኝ፤ እኔ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጁ ቀና ብሎ ሰው አያይም። አንዲት ሲስተር ብቅ ብላ አየችውና፣ በክፋት ሳይሆን በደከመ ድምፅ፣ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» ብላው አለፈች።

ትለምደዋለህ! እኔንም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። አንድ ዓመት ልክ ነው ብዬ አምኜው ስሰቃይ ኖሬበታለሁ። ዛሬ ይቺን ቃል ነው ከሥሯ መንቀል የምፈልገው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ማታ ሆዴ ተነፋ፣ ማስታወክ ጀመረኝ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ አለኝ። ጎረቤቶቼ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። ትልቁ አንጀቴና ትንሹ አንጀቴ እርስ በርስ ተጠምዝዘው ተቋጥረው ነበር። አንጀት መጠምዘዝ በሀገራችን አዲስ በሽታ አይደለም፤ የቀዶ ጥገና ሐኪሞቻችን በደንብ የሚያውቁት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ደም አጥቶ የሞተውን ቆርጠው አወጡ፣ የትንሹን አንጀት ጫፍ ደግሞ ከእምብርቴ በስተቀኝ ሆዴን ቀደው ወደ ውጭ አወጡት። ይሄ ወደ ውጭ የወጣው ጫፍ ስቶማ ይባላል። መልኩ የከንፈር ውስጠኛ ሥጋ ይመስላል፤ ቀይና እርጥብ ነው። ሲነኩት አያምም። እንደ ፊንጢጣ የሚቋጥር ጡንቻ ስለሌለው ግን በር ነው እንጂ ቁልፍ የለውም። የሚወጣው ሲወጣ ይወጣል። ስለዚህ ከላዩ ከረጢት ይለጠፍበታል።

ያን ሌሊት የቆረጠኝን ሐኪም እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግነዋለሁ። እሱ ባይኖር ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው የለም። ስለዚህ ማንም «ሐኪሞችን ሰደበ» እንዳይለኝ። ጥያቄዬ ሕይወቴ ከተረፈ በኋላ ስላለው ነው። የተረፈው ሕይወት ሕይወት እንዲሆን ምን ተደረገ?

በሰባተኛው ቀን «ወጥተሃል» ተባልኩ። ሲስተሯ አንድ ከረጢት አወጣች፣ ተለጣፊው ላይ በመቀስ ክብ ቀዳዳ በዓይን ግምት ቆረጠች፣ ለጠፈችልኝ፣ ሦስት ተጨማሪ በእጄ ሰጠችኝ። ትምህርቱ በጠቅላላው አምስት ደቂቃ አልሞላም። የእሷ ጥፋት ነው አልልም፤ ዋርዱ ሙሉ ነበር፣ እሷ ደግሞ ብቻዋን ናት። ቤት ስደርስ በዚያኑ ማታ ፈሰሰ።

እንግዲህ የእኔ ስቶማ ክብ አይደለም። ባቄላ ነው የሚመስለው። አንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ነው፣ ሌላው ጎኑ አበጥ ብሏል፣ ከታች በኩል ደግሞ ከቆዳው እኩል ሆኖ ስቀመጥ የሚታጠፍ ሽብሽብ አለበት። ለዚህ ባቄላ ክብ ቀዳዳ ስትቆርጥለት ምን ይሆናል? በሰርጎዳው በኩል ቆዳው ሳይሸፈን ይቀራል። የትንሹ አንጀት ፈሳሽ ደግሞ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ያለበት ነው፤ ቆዳን ከሥጋ አይለይም፣ ያገኘውን ይበላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በስቶማው ዙሪያ ያለው ቆዳዬ እሳት የነካው መሰለ። የቆሰለ ቆዳ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይለጠፍም። ስላልተለጠፈ ይፈሳል፣ ስለፈሰሰ ይቆስላል፣ ስለቆሰለ አይለጠፍም። ይሄ አዙሪት ነው ከሰው ያራቀኝ።

ክፍል ውስጥም ፈስሶብኛል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። ሙቀቱ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማኝ። ጀርባዬን ለተማሪ ሰጥቼ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ መዞር አቃተኝ። በመጨረሻ የፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ ሹራቧን አምጥታ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። ያቺ ልጅ ይህን ካነበበች፣ ውለታሽን አልረሳሁም። በማግስቱ የሕመም ፈቃድ ጠየቅኩ።

ከዚያ በኋላ ምክር በየአቅጣጫው መጣ። አንዱ «ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፍበት» አለ። ፕላስተሩ ከላይ ይሸፍነዋል፣ ፈሳሹ ከሥር ቆዳዬን ይበላል። ሌላዋ «ቫዝሊን ቀባ አድርግበት፣ ቃጠሎውን ያበርደዋል» አለች። ቅባት የነካው ቆዳ ላይ ከረጢቱ አንድ ሰዓት አልቆየም። ከረጢት ሲያልቅብኝ ጨርቅ ጠቅልዬ ፌስታል አስሬበታለሁ። ቁርሴን ትቻለሁ፣ ምሳዬን ቀንሻለሁ፤ ካልበላሁ አይወጣም ብዬ። ከሳሁ። ያየኝ ሁሉ «ካንሰር ነው መሰለኝ» ይላል። ሆስፒታል ስመለስ ደግሞ ያችው ቃል፦ «ትለምደዋለህ»።

አሁን ቃሏን እንመርምራት። «ትለምደዋለህ» ሲሉህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለው ነው የሚሉህ። ከረጢት ይዞ መኖርን ሰው ይለምዳል፤ እኔም ለምጄዋለሁ፣ እንደ መነጽር ሆኖልኛል። ማፍሰስን ግን ማንም መልመድ የለበትም። ማፍሰስ የስቶማ ጠባይ አይደለም፤ ልክ ያለመሆን ምልክት ነው። ጫማ ሲያቆስልህ «እግርህ ይለምደዋል» የሚልህ ሰው፣ ቁጥሩን ሳይለካ የሸጠልህ ሰው ነው።

እኔን ያዳነኝ ልክ መሆኑ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ለአንድ የሒሳብ መምህር የሚያሳፍር ታሪክ ነው።

አሜሪካ ያለች የድሮ ተማሪዬ ነርስ ናት። ባለቤቴ ከእኔ ተደብቃ ደወለችላትና ነገረቻት። ልጅቱ በቪዲዮ ደውላ «ቲቸር፣ ያሳዩኝ» አለች። ተማሪዬ ፊት ሸሚዜን መግለጥ ሞት መሰለኝ። «እኔ በቀን ስንቱን ነው የማየው፣ ይልቅ ብርሃን ላይ ይሁኑልኝ» ብላ ገላገለችኝ። አየችውና «ይሄን ክብ አድርጎ የቆረጠው ማነው?» አለች። ከዚያ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ አስመጣችኝ፣ ያንን የሚያሳየውን። ንጹሑን ላስቲክ ስቶማው ላይ አድርጌ ቅርጹን በማርከር እንድከተል ነገረችኝ። አደረግኩት። ባቄላዬ ወጣ። በላስቲኩ ልክ የከረጢቱን ተለጣፊ ቆረጥኩና ለጠፍኩ።

ፈሰሰ። እንደገና ሞከርኩ፣ ፈሰሰ። እንዲያውም ባሰበት፤ በአንዱ ጎን ተለጣፊው ስቶማው ላይ ወጥቷል፣ በሌላው ጎን ቆዳው ጭራሽ ተራቁቷል። ደወልኩላትና «እንደነገርሽኝ ነው ያደረግኩት» አልኩ። የቆረጥኩትን አሳየኋት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ቲቸር፣ ሪፍሌክሽን አስተምረውን የለ እንዴ?»

ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ነው መስታወት እያሳየሁ «ግራው ቀኝ ይሆናል» እያልኩ ያስተማርኩት! ላስቲኩ ላይ የሣልኩት ሆዴን ከፊት ለፊት እያየሁ ነው። ከረጢቱን ግን የምቆርጠው ገልብጬ፣ ሆዴን በሚነካው በተለጣፊው ጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ቅርጹ ተገልብጦ መሣል አለበት። ክብ ቢሆን ኖሮ ምንም ለውጥ የለውም፤ ክብ በመስታወት ቢታይም ክብ ነው። ባቄላ ግን ግራና ቀኙ ይለያያል። እኔ ለግራው የተሠራ ጫማ ቀኜ ላይ እያጠለቅኩ ነበር።

ላስቲኩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለበጥኩት፣ እንደገና አስመስዬ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ቀን አልፈሰሰም። በሁለተኛውም አልፈሰሰም። በሦስተኛው ቀን ራሴ ቀየርኩት፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ደርቋል። ባለቤቴ አይታ አለቀሰች። እኔ እንኳ ወንድ ነኝ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

እና ንዴቴ ከየት እንደመጣ ገባችሁ? አንድ ዓመት ሥራዬን፣ ዘመዴን፣ ሥጋዬን የበላብኝ ችግር መፍትሔው የደብተር ላስቲክ፣ ማርከርና መቀስ ነበር! ከባህር ማዶ የሚመጣ ማሽን አልነበረም። ገንዘብ አልነበረም። አንድ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ቢለካኝ ኖሮ ያልቅ ነበር።

አሁን ቸግሮት ለሚያነብ ሰው ሥራውን በዝርዝር ላስቀምጥ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄ ራሴ ላይ ያየሁትና በሙያው ያሉት ያረሙልኝ ነው። የራሳችሁን ሐኪም ወይም ነርስ ደግሞ ጠይቁ።

1. ጊዜ ምረጡ። ጠዋት ከቁርስ በፊት አንጀት ዝም ይላል። ያኔ ቀይሩ።

2. አሮጌውን ስታነሱ ቆዳውን በአንድ እጅ እየያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት እንጂ አትንጨቁት። ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን እዩ! ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ተለጣፊው የተበላበትና የሟሟበት ቦታ ፈሳሹ በየት በኩል እየሾለከ እንደሆነ ይነግራችኋል። የእኔ ሁልጊዜ ከታች በኩል ነበር፤ ሽብሽቡ ያለበት።

3. ለብ ባለ ውኃ ብቻ እጠቡ። ቅባትነት ያለው ሳሙና፣ ሎሽን፣ ቫዝሊን፣ የሕፃናት መጥረጊያ ሶፍት፣ ሁሉም ይቅርባችሁ። ስትጠርጉት ትንሽ ደም ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ ስስ ሥጋ ነው። ከዚያ ቆዳውን በደንብ አድርቁ።

4. ተኝታችሁ ብቻ አትለኩ። ተቀመጡ፣ ቁሙ፣ ጎንበስ በሉ። ተኝታችሁ የሌለ እጥፋት ስትቀመጡ ይወጣል። የምትኖሩት ደግሞ ተኝታችሁ አይደለም።

5. የሚያሳይ ንጹሕ ላስቲክ ላይ ቅርጹን ሣሉ። «ላይ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ተለጣፊው ጀርባ ላይ ስታስመስሉ ላስቲኩን እንደ ገጽ ገልብጡት፤ «ላይ» ያለው ላይ እንደሆነ ይቆይ። ቀዳዳው ከስቶማው ዙሪያውን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ከዚያ ከሰፋ ቆዳ ይቃጠላል፣ ከጠበበ ስቶማውን ይፈትገዋል። ከቆረጣችሁ በኋላ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣታችሁ አለስልሱት።

6. ጎድጓዳና ሽብሽብ ያለበትን ቦታ ሙሉ። ለዚህ የሚሆን ፔስት አለ፣ እንደ ሊጥ የሚለመጥ ቀለበትም አለ። ልብ በሉ፣ ፔስት ሙጫ አይደለም! ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ ልክ መስኮት ላይ እንደሚደረገው ስቱኮ። ብዙ በቀባችሁ ቁጥር ይብሳል። ብዙው ፔስት ውስጡ አልኮል ስላለበት የቆሰለ ቆዳ ላይ ያንገበግባል፤ ቀለበቱ ይሻላል።

7. ቆዳው ከረጠበ ለስቶማ የሚሠራውን ፓውደር በስሱ ነስንሱና ትርፉን አራግፉት። ወፍራም ፓውደር ካለ ከረጢቱ የሚይዘው ፓውደሩን ነው እንጂ እናንተን አይደለም።

8. ከለጠፋችሁ በኋላ መዳፋችሁን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከላዩ ጫን አድርጉ። ማጣበቂያው ሙቀት ይወዳል።

9. ከረጢቱ ሲሦው ወይም ግማሹ ሲሞላ አፍስሱት። ሲከብድ ራሱን ይነቅላል።

10. ከሥሩ ካሳከከ ወይም ካቃጠለ ፈሳሽ ገብቷል ማለት ነው። ከላይ ፕላስተር አትደርቱ፤ አንሱትና ቀይሩት።

11. ከኦፕራሲዮን በኋላ እብጠቱ እየጎደለ ስለሚሄድ በመጀመሪያዎቹ 6 እና 8 ሳምንታት ስቶማው መጠኑም ቅርጹም ይለወጣል። ስለዚህ ደጋግማችሁ ለኩ። የመውጫ ቀን የተቆረጠላችሁ ልክ በወሩ ልክ አይደለም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚፈስ አለ። ስቶማው ከቆዳ በታች የገባበት ሰው ጎበጥ ብሎ ዙሪያውን ወደ ውስጥ የሚጫን፣ ኮንቬክስ የሚባል ተለጣፊና ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ ይህን ደግሞ ባለሙያ አይቶ ነው የሚያዘው። በዙሪያው እብጠት የወጣበት ወይም ጭራሽ የጠበበበት ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ እንደገና ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውም አለ። ስቶማው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ፣ ወይም ምንም ሳይወጣ ሆድ እየነፋና እየቆረጠ ከቆየ፣ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ደግሞ እንደ እኔ የትንሹ አንጀት ስቶማ ያለው ሰው ውኃና ጨው ቶሎ ያልቅበታል። ኦ አር ኤስ ከቤቱ አይጥፋ። ጾመኛም ከሆነ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ሳያማክር ከውኃ አይከልከል።

«ሀገሪቱ ስንት ችግር እያለባት አንተ የከረጢት ቀዳዳ ታወራለህ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለእሱ ሒሳብ ልሥራለት። ልኩ ያልሆነ ከረጢት በቀን ሁለት ያስቀይራል። በ12 ቀን 24 ከረጢት። ልኩ የሆነ በየሦስት ቀኑ ቢቀየር በ12 ቀን 4 ነው። ስድስት እጥፍ! ከረጢት በእኛ ሀገር እንደ ልብ የሚገኝም፣ ርካሽም አይደለም። ድሃ ስለሆንን ነው በደንብ መለካት ያለብን። ሀብታም ቢያባክን ይችላል። ያ የገበሬ ልጅ ግን በሬ ተሽጦ የተገዛለት ከረጢት በግማሽ ቀን ሲነቀል ዝም ብለን ማየት ድህነት አይደለም፤ ግዴለሽነት ነው።

«ባለሙያ የለንም» የሚልም አለ። እንግዲያው ትንሽ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ፣ እህቷ ቶራ ስቶማ ወጥቶላት ከሰው መቀላቀል ፈርታ ቤት ስትቀር አየች። ሐኪም አልነበረችም፤ መሐንዲስም አልነበረችም። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ከረጢት ቢኖርስ ብላ አሰበች። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። በ1958 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ዶክተር ሩፐርት ተርንቡል፣ ራሷ ስቶማ ያለባትን ኖርማ ጊል የምትባል ሴት ሌሎች ታካሚዎችን እንድትረዳና እንድታስተምር ቀጠራት። በዓለም የመጀመሪያዋ የስቶማ ባለሙያ የምትባለው እሷ ናት። ምን ዲግሪ ነበራት? ያለፈችበት ሕመም ነበራት፣ የሚሰማትም ሐኪም ነበር። የስቶማ እንክብካቤ የተጀመረው በሊቅ ብዛት አይደለም። አንድ ሰው ሌላውን ቁጭ ብሎ በመስማቱ ነው።

ስለዚህ የምለውን ልበል።

ለሆስፒታሎቻችን፦ ማንም ሰው ከረጢቱን በገዛ እጁ፣ በእናንተ ፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይቀይር ከዋርድ አይውጣ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮ ይማር። ኦፕራሲዮኑ ታቅዶ የሚሠራ ከሆነ ስቶማው የሚወጣበት ቦታ አስቀድሞ ይመረጥ፤ ሰውየው ተኝቶ፣ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይታይ። ከጠባሳ፣ ከእጥፋት፣ ከቀበቶ ማሰሪያ ይራቅ። እንደ እኔ ሌሊት በድንገት ለሚመጣው ይሄ ጊዜ ላይኖር ይችላል፤ ይገባኛል። የመለኪያ ጊዜ ግን በኋላ አለ። ከየቀዶ ጥገና ዋርዱ አንዲት ነርስ መርጣችሁ ይህን ሥራ ብትሰጧት፣ እሷም ሌሎቹን ብታስተምር ምን ይከብዳል?

ለመድኃኒት ቤቶችና ለአስመጪዎች፦ ከረጢት ብቻ አምጥታችሁ ቀለበቱን፣ ፓውደሩን፣ ቀበቶውን ካልጨመራችሁ፣ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ነው የምትሸጡልን። እኔ ቀለበቱን የማገኘው በሰው ሻንጣ ነው። ውጭ ሀገር ተማሪ ያላስተማረስ?

ለእኛ ለራሳችን፦ ዝምታችን ነው የገደለን። እኔ አንድ ዓመት ተደብቄ ስኖር በከተማዬ ስንት ሰው በየቤቱ እንደ እኔ ተደብቆ እንደነበር ያወቅኩት መናገር ከጀመርኩ በኋላ ነው። እርስ በርስ ብንተዋወቅ የደብተር ላስቲኩን ዘዴ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ይነግረኝ ነበር።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ ሽታ ስትሰሙ መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት «ልኩ ሆኗል ወይ? ልለካልህ?» በሉ። ሰውየውን ያለ እሱ ጥፋት ቆሻሻ ነኝ እንዲል አታድርጉት።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ተራዬን ለሌላ ሰው ለቀቅኩና አባትየውን ወደ ጥግ ጠራኋቸው። ሸሚዜን ገልጬ የራሴን አሳየኋቸው። ልጁ ያኔ ነው ቀና ያለው። «መምህር፣ እርስዎም?» አለኝ። እኔም! ከቦርሳዬ ላስቲክና ማርከር አወጣሁ፣ ከረጢትም አንድ ነበረኝ። ያችኑ ሲስተር ለመንኳት፤ እግዜር ይስጣት፣ ባዶ ክፍል ከፍታ ራሷ መጥታ አብራን ለካች። የእሱ እንደ እኔ ባቄላ አይደለም፣ የእንቁላል ቅርጽ ነው፤ ያውም ዘመም ያለ። ላስቲኩን ስገለብጠው ሲስተሯ «ቆይ፣ ለምን ገለበጡት?» አለች። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እስከ ዛሬ እኮ እንዲሁ ነው የምቆርጠው» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ያስተማራት አልነበረም፣ በቃ።

በአራተኛው ቀን አባትየው ደወሉ። ብዙ አላወሩም። «መምህር፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ» አሉ። «ዛሬ ከብት ይዞ ወጣ።»

ስለዚህ ከእንግዲህ ማንም «ትለምደዋለህ» ብሎ አይሸኘን። «ና እስቲ ልለካህ» በሉን።

ይሄን ጽሑፍ ላይክ ባታደርጉትም ቅር አይለኝም። ዋርድ ውስጥ ለሚሠራ ወዳጃችሁ ግን ላኩለት። ቤቱ ተደብቆ ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ሄዳችሁ አንብቡለት፤ ላስቲክና ማርከር ይዛችሁ ሂዱ። እኔም በውስጥ መስመር አለሁ፣ አላፍርም። ያቺ ሠርጓን የቀረሁባት ተማሪዬ፣ ክርስትና ካለሽ ጥሪኝ፤ እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁም።

ቸር ይግጠመን።